የኮሌራ ቤቱ ባሕር ነው፤ ድሬዳዋ ድረስ ማን አመጣው?

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ስልክ የያዘ ሁሉ ስለ ባሕር በር ሲያወራ ነው የሚውለው። ቀይ ባሕር፣ አሰብ፣ ጅቡቲ፣ በርበራ። ባሕር ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ወደብ፣ መርከብና ኮንቴይነር ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ባሕር ከበሽታ ጋርም ስሙ ይነሳል። ኮሌራ ገባ በተባለ ቁጥር ወሬው አይጠፋም፤ "ከጅቡቲ ነው የመጣው"፣ "መንገደኛ ነው ያመጣው"፣ "ሙቀቱ ነው፣ ምን ይደረጋል አቦ"።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ኮሌራ በእርግጥ የባሕር ፍጥረት ነው፤ መንገደኛም ይዞት ይሄዳል። ችግሩ "ከባሕር መጣ" ብለን ስናበቃ ጥያቄውም አብሮ ማለቁ ነው። ባሕርን ማን ይከሳል? ሙቀትን ማን ይጠይቃል? ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ይህ ባክቴሪያ ባሕር ውስጥ ምን እየበላ ይኖራል? ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ከጅቡቲ ወደብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ከተማ ውስጥስ እንዴት ሰው ይገድላል?

ባሕር ውስጥ ምን ይበላል?

የባሕር ውሃ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም በጥቃቅን ፍጥረታት የተሞላ ነው። ከውሃው ፍሰት ጋር መታገል የማይችሉ፣ ማዕበሉ ወደወሰዳቸው የሚሄዱት እነዚህ ፍጥረታት በጥቅሉ ፕላንክተን ይባላሉ። አንዳንዶቹ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። ከእነዚህ ውስጥ መርዝ የሚያመነጩም አሉ፤ በአንድ ጊዜ ሲበዙ የውሃው ቀለም ይለወጣል፣ ዓሣ ይሞታል፣ የባሕር ምግብ የበላ ሰውም ይታመማል። ሌሎቹ ፕላንክተኖች ደግሞ በላተኞች ናቸው። ከበላተኞቹ መካከል በብዛት የሚገኘው ኮፒፖድ የሚባለው ነው። አብዛኛው ከሩዝ ፍሬ ያነሰ፣ ሽሪምፕ የሚመስል እንስሳ ነው።

የኮፒፖድ ቅርፊት ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው። የአንበጣና የጥንዚዛ ቅርፊትም ከዚሁ ነው። ባሕር ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌለው ኮፒፖድ በየቀኑ ቅርፊቱን ይጥላል፣ ይሞታል። ያ ሁሉ ቅርፊት ተከማችቶ ባሕሩን ያልሞላው ባክቴሪያዎች ስለሚበሉት ነው። ከበላተኞቹ አንዱ የኮሌራ ባክቴሪያ ነው። ቅርፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ካይቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያመነጫል፣ የፈረሰውን ይመገባል። ለእሱ ኮፒፖድ ቤትም ገበታም መጓጓዣም ነው።

ገበታው ላይ ግን ብቻውን አይደለም፤ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ይሻሙታል። በቤተ ሙከራ እንደታየው የኮሌራ ባክቴሪያ ካይቲን ላይ ሲሰፍር ጠባዩ ይለወጣል። ጦር በሚመስል መሣሪያ ጎረቤቱን ወግቶ ይገድላል፤ ከሞተው ጎረቤት የፈሰሰውን ዘረ መል አንስቶ የራሱ ያደርጋል። ባክቴሪያ እየለቀሙ የሚበሉ ባለ አንድ ሕዋስ እንስሳትም አሉ። ከእነሱ ለማምለጥ ተሰባስቦ ዝልግልግ ባለ ሽፋን ውስጥ ይደበቃል። በአጭሩ፣ ለመብላትና ላለመበላት ሲታገል የኖረ ፍጥረት ነው።

አሁን ወደ እኛ የሚያመጣንን ነጥብ ያዙ። ባክቴሪያው ኮፒፖድ ላይ የሚለጠፍበት አንድ ፕሮቲን አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በዚያው ፕሮቲን የሰው አንጀት ላይም ይለጠፋል። የአንጀታችን የውስጥ ልባስ ከካይቲን ጋር የሚመሳሰል የስኳር ዓይነት ስላለው ለባክቴሪያው ሁለቱም ያው ናቸው። እኛ ዘንድ የመጣው ሰውን ጠልቶ አይደለም፤ ባሕር ውስጥ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

ገዳዩን መርዝ ደግሞ ያገኘው ከቫይረስ ነው። ባክቴሪያን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ የመርዙን ዘረ መል ይዞ ሲገባበት ባክቴሪያው መርዝ አምራች ይሆናል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ለዚህም ነው በየባሕሩ የሚኖረው የኮሌራ ባክቴሪያ ሁሉ ወረርሽኝ የማያስነሳው። ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉ፤ ወረርሽኝ በማስነሳት የሚታወቁት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ከአንጀት ሲወጣ

መርዙ አንጀት ውስጥ ሲለቀቅ የሰውነት ውሃና ጨው ወደ አንጀት ይፈስሳል። በጽኑ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ጠዋት ጤነኛ የነበረ ሰው ማታ ሊሞት የሚችለው ለዚህ ነው። ተቅማጡ ለባክቴሪያው መውጫ መንገዱ ነው፤ በቢሊዮን ተባዝቶ ይወጣል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ከሰው አንጀት አሁን የወጣ ባክቴሪያ ውሃ ውስጥ ከሰነበተው ይልቅ በጣም ተላላፊ ነው። ይህ ኃይሉ ለሰዓታት ይቆያል። እንግዲህ አስቡት፤ የአንዱ ሽንት ቤት ከሌላው የመጠጥ ውሃ ጋር በሰዓታት ውስጥ የሚገናኝበት ሰፈር ካለ፣ ባክቴሪያው ባሕርም ፕላንክተንም አያስፈልገውም። እኛው ራሳችን ባሕር ሆነንለታል።

ሳይንቲስቶቹ የተከራከሩበት

ኮሌራን ከፕላንክተን ጋር በማገናኘት ስሟ የሚነሳው አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሪታ ኮልዌል ናት። ባክቴሪያው ሰው በሌለበትም ውሃ ውስጥ እንደሚኖር ስትናገር መጀመሪያ ብዙዎች አላመኗትም ነበር። በኋላ ግን ባንግላዴሽ ውስጥ በ65 መንደሮች የተሠራ ሥራ ነጥቧን አጠናከረላት። ሴቶች የወንዝና የኩሬ ውሃ ሲቀዱ ደጋግሞ በታጠፈ አሮጌ ሳሪ እንዲያጣሩ ተደረገ። የጨርቁ ቀዳዳ ለባክቴሪያ ሰፊ ነው፤ ባክቴሪያ የተሸከመውን ፕላንክተን ግን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ውጤት መሠረት ኮሌራ በ48 በመቶ ቀነሰ። በጨርቅ ብቻ!

ከዚህ ተነስቶ "እንግዲያው ወረርሽኝ ሁሉ ከባሕርና ከአየር ንብረት ነው" ማለት ቀላል ነበር። ሄይቲ ግን ይህን ሐሳብ ፈተነችው። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ የመታት ይህች የደሴት አገር በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በኮሌራ ተጠቃች፤ ከዚያ በፊት ቢያንስ ለመቶ ዓመት በሽታው አልተመዘገበባትም። አንዳንዶች የባሕሩን ሙቀት ጠቀሱ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኖ ፒያሩ ግን ታማሚዎቹን መንደር ለመንደር ተከታትሎ የደረሰው ከአንድ የተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪዎች ካምፕ አጠገብ ካለ ወንዝ ላይ ነው። ወታደሮቹ በቅርቡ ከኔፓል የመጡ ነበሩ፤ የካምፑ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ይገባ ነበር። የዘረ መል ምርመራም ከኔፓሉ ባክቴሪያ ጋር አገናኘው። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ።

ለአፍሪካም ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ከ1,000 በላይ የባክቴሪያ ናሙናዎችን ዘረ መል አነጻጽሮ፣ አሁን ያለው የኮሌራ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ቢያንስ 11 ጊዜ ከውጭ ወደ አፍሪካ መግባቱን አሳየ። መነሻው በአብዛኛው እስያ ነው፤ ያጓጓዘው ደግሞ ሰው ነው። ኢትዮጵያም ይህ ዝርያ የደረሰባት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር።

መንገዱ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በኮሌራ የተጠረጠረበት የየመን ወረርሽኝ ባክቴሪያ ሲመረመር፣ ቀደም ብሎ በምሥራቅ አፍሪካ ከታየው ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኝቷል። "ከባሕር ማዶ መጣብን" የምንለውን ያህል ከእኛ አካባቢም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል ማለት ነው።

ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። ባክቴሪያው እንዴት እንዲህ ያለ ፍጥረት እንደሆነ ፕላንክተኑ ይነግረናል። ወረርሽኙ ከየት ወዴት እንደሄደ የሰው ጉዞ ይነግረናል። ከደረሰ በኋላ ለምን አንድ ከተማ ይነድዳል፣ ሌላው ለምን አይነድድም የሚለው ግን ሦስተኛ ጥያቄ ነው። መልሱ አሜሪካ ውስጥ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይታያል። ኮልዌል ራሷ ባክቴሪያውን እዚያ አግኝታዋለች። እርግጥ ብዙው ወረርሽኝ የማያስነሳው ዓይነት ነው። አደገኛውን ዓይነት የያዘ መንገደኛ በአውሮፕላን ቢመጣ እንኳ ግን በዙሪያው ያሉት ከተሞች ወረርሽኝ አይነሳባቸውም። ፍሳሹና የመጠጥ ውሃው አይገናኙማ።

ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ

ድሬዳዋ የመንገድ ልጅ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው ከተማ ሆና የተቆረቆረችው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከተመረቀ በ2009 ዓ.ም. ወዲህም ያው ናት፤ የጭነት መኪናው፣ ነጋዴው፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ስደተኛ፣ ከስደት ተመላሹ ሁሉ ያልፍባታል። ይህን መንገድ መዝጋት ከተማዋን መዝጋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በኮሌራ ምክንያት ጉዞና ንግድ ይከልከል አይልም፤ ጥቅም ስለሌለው። ብዙው በባክቴሪያው የተያዘ ሰው ምንም ምልክት ስለማያሳይ በር ላይ ቆሞ መለየት አይቻልም።

"ሙቀቱ ነው" ለሚሉም አንድ ነገር እናስታውስ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዓመት በላይ የቆየውና በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያሳመመው ወረርሽኝ መጀመሪያ የተመዘገበው በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ነው። ባሕርም ባቡርም የሌለበት ቦታ ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛመተ፤ ሐረሪና ድሬዳዋም አልቀረላቸውም።

እንግዲያው የከተማዋን ውሃ እንይ። ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሲሞላ ግን ምን እንደሚያደርግ የድሬ ሰው አይረሳም፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። እንዲህ ያለ ጎርፍ ሽንት ቤቱን ከጉድጓድ ውሃው ጋር ያደባልቃል።

የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሳቢያን አካባቢ ካሉትና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች ይሳባል። ጥልቅ የከርሰ ምድር ውሃ አፈርና ዓለት ስላጣራው ከወንዝ ውሃ ይሻላል። ሆኖም በከተማዋ ጉድጓዶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በየቦታው ናይትሬት ከተፈቀደው መጠን በላይ አግኝተዋል፤ ከምንጮቹም አንዱ የጉድጓድ ሽንት ቤትና የሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ ነው። ናይትሬት ኮሌራ አይደለም። ግን መልእክተኛ ነው። ከላይ የምንለቀው ነገር ወደምንጠጣው እየወረደ መሆኑን ይነግረናል።

ሁለተኛው ችግር ቧንቧው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ባዶ ሆኖ ይቆያል። ባዶ ቧንቧ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ፣ ከውጭ ያለውን እርጥብ አፈርና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ ቤታችን የሚደርሰው ያ ነው። ሦስተኛው ማጠራቀሚያው ነው። ውሃ ስለሚጠፋ እያንዳንዱ ቤት ሮቶ፣ በርሜል፣ ጀሪካን አለው። ከዚያ በጣሳ ይቀዳል፤ ጣሳውን የያዘው እጅ ደግሞ አንዳንዴ ያልታጠበ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ፕላንክተን የለም። ስለዚህ የባንግላዴሹን ጨርቅ ወስደን ነጠላ አጥፈን ብናጣራ አይበቃንም። እዚያ ባክቴሪያው የኩሬ ፕላንክተን ላይ ተሳፍሮ ነበር። እዚህ የሚመጣው ከፍሳሽ ብቻውን ስለሆነ በጨርቁ ያልፋል። እኛን የሚጠቅመን ክሎሪንና እሳት ነው።

ስሙን መጥራት፣ ቁጥሩን መጠየቅ

ለብዙ ዓመታት በይፋ የምንሰማው ቃል "አተት" ነበር፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ኮሌራ ብሎ ማወጅ ገበያና ጉዞ ይጎዳል የሚል ስጋት በብዙ አገሮች አለ። ዛሬ ኮሌራ በስሙ ይጠራል፤ ኢትዮጵያም እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ኮሌራን የማስወገድ ብሔራዊ ዕቅድ አላት። ስሙን መጥራት ጥሩ ጅምር ነው። የሚቀጥለው ቁጥሩን ማውጣት ነው።

የትኛውን ቁጥር? ቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚቀረውን የክሎሪን መጠን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውሃው ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ሊኖረው ይገባል ይላል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ወደ 0.5 ከፍ ይላል። መለኪያው ርካሽ ነው፤ ጥቂት ውሃ ውስጥ እንክብል ጨምሮ ቀለሙን ማየት ብቻ ነው። ይህን ቁጥር መደበቅም ከባድ ነው። ክሎሪኑ ጉድጓዱ ጋ በቂ ሆኖ ለገሃሬ ወይም ገንደ ቆሬ ሲደርስ ዜሮ ከሆነ፣ መሐል ላይ አንድ ቦታ ቧንቧው ቆሻሻ እየሳበ ነው ማለት ነው። ሰው ከመታመሙ በፊት የሚናገር ቁጥር ነው።

የከተማዋ የውሃ መሥሪያ ቤት ይህን ቁጥር ሰፈር በሰፈር፣ በየሳምንቱ በቴሌግራምና በፌስቡክ ቢያወጣው ምን ይጎድላል? ከዜሮ በታች ወጪ ባይሆንም ከአንድ ወረርሽኝ በጣም ይረክሳል። ለወጣቱም ከ"ማን አመጣው" ወሬ የተሻለ የሚያጋራው ነገር ይሰጠዋል። የሚከተለው ጥያቄ ውድ ነው፤ የሽንት ቤት ጉድጓዶች የሚመጠጡት መቼ ነው፣ የተመጠጠው የሚደፋው የት ነው፣ ከውሃ ጉድጓዶቹ በላይ ያለው መሬት ማን እየሠራበት ነው? ይህ የዓመታት በጀት ይፈልጋል፤ ካልተጠየቀ ግን በጀትም አይያዝለትም።

ክትባትስ? ክትባት አለ፣ በአፍ የሚወሰድ ነው፣ ይጠቅማል። ግን በዓለም ላይ እጥረት ስላለ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በወረርሽኝ ጊዜ በሁለት ፈንታ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ተወስኗል። ጥበቃው ጊዜያዊ ነው። ቧንቧውን የሚተካ አይደለም።

እስከዚያው እያንዳንዳችን የምናውቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው። የመጠጥ ውሃን ማፍላት፣ ወይም እንደ ውሃ አጋርና ቢሻን ጋሪ ያሉትን ማከሚያዎች በመመሪያቸው መሠረት መጠቀም፤ የታከመውን ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና በጣሳ ሳይጨልፉ መቅዳት፤ ጥሬ የሚበላውን በታከመ ውሃ ማጠብ። ሰው ድንገት እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ተቅማጥ ከጀመረው ነገ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ የለም። ወዲያው ኦአርኤስ ማጠጣት፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ለጥቆማና ለመረጃ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ነው። በጊዜ ከታከመ ከ100 ታማሚ አንድ እንኳ ላይሞት ይችላል። ካልታከመ ግን በጽኑ ከታመሙት እስከ ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ።

ባሕሩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቅርፊቱን እየበላ ይኖራል፤ እሱን ማጥፋት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። መንገደኛውም ነገ በባቡር ይመጣል፣ መምጣትም አለበት። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስልካችሁ ላይ "ማን አመጣው?" የሚል ፖስት ስታዩ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ጻፉበት፤ "የሰፈራችን ቧንቧ ውስጥ ክሎሪኑ ዛሬ ስንት ነው?"